የኢንጂነሩ ትርፍ ብሎን

በየቤተሰቡ አንድ ኢንጂነር አይጠፋም። የሌለው ቤተሰብ ካለ የዚያ ቤት ዕቃዎች ታድለዋል፤ ብሎናቸው ሙሉ እንደሆነ ያረጃሉ። የእኛው ክቡር ኢንጂነር የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ናቸው።

ክቡርነታቸው ሊጠይቁን ሲመጡ እንደ ሰው መጀመሪያ ሰላም አይሉም። ዓይናቸው የሚያርፈው ሶኬቱ ላይ ነው። "ይሄ ቻርጀር የማን ነው?" ይላሉ፤ መልስ ሳይጠብቁም ይነቅሉታል። አዲስ ስልክ የገዛ ዘመድ በእሳቸው ፊት ስልኩን ከኪሱ አያወጣም። አንዴ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጋሼ፣ ባትሪው እኮ በሙጫ ነው የተጣበቀው" አሉኝ። ምን ይባላል? "እግዜር ያጽናኝ" አልኩ።

ኢንተርኔት የሚቀበል ፍሪጅ ልንገዛ ስንል፣ "ከማን ጋር ሊያወራ ነው?" ብለው አስቀሩን። የዘወትር ቃላቸው ግን "ያልተፈታ ዕቃ ያንተ አይደለም" የምትለው ናት። በዚህች ቃል የተነሳ በቤታችን ያልተፈታ ዕቃ የለም። ብሎኖቹን በየተራቸው እንቁላል መያዣ ላይ ይደረድራሉ፤ ሲገጥሙ ግን ሁልጊዜ አንዲት ብሎን ትተርፋለች። "ፋብሪካው ለጥንቃቄ የጨመራት ናት" ይላሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ሶፍትዌር ላይማ ጨርሶ አይቻሉም። ኮዱ የተደበቀ ፕሮግራም ለእሳቸው ክዳኑ የማይነሳ ድስት ነው። ማንም ከፍቶ የሚያየው፣ የቻለ የሚያስተካክለው፣ ሁሉም በነጻ የሚጠቀምበት ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሲነሳ ግን ፊታቸው ይበራል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ።

"ሎሚውን ማን ይገዛል?" እላለሁ እኔ።

"አይ ጋሼ! አንተ ከገበያ ሌላ አታውቅም።"

የተጣላነው በቴሌቪዥኑ የተነሳ ነው። "እናንተ እሱን የምታዩ ይመስላችኋል፤ እያያችሁ ያለው እሱ ነው" ብለው፣ የዋንጫ ጨዋታ በሚተላለፍበት ቀን፣ ኦፕን ሶርስ የሆነ ፕሮግራም ጫኑበት። ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ተሰብስቧል። ጨዋታው ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደርሶ ተጫዋቹ ሊመታ ሲንደረደር፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ፊደላት ዘረገፈ። ጎሉን ከመንገድ ማዶ በመጣ ጩኸት ሰማነው።

"አትደንግጡ፣ አፕዴት እያደረገ ነው" አሉ ክቡርነታቸው በኩራት።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ካቻቪቴ አይነሳም!" ብዬ አወጅኩ። እሳቸውም ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ እግራቸው ደጃችንን አልረገጠም። ቤቱ ሰላም ሆነ፤ ትንሽም ጭር አለ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ያላትን ሁሉ አሟጣ የጥልፍ ማሽን ገዝታ፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ አግኝታ ነበር፤ የተመራቂ ነርሶች ነጭ ጋዎን ላይ ስማቸውን መጥለፍ። ይህን በቀኑ ካደረሰች ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ሊሰጣት ነው፤ ካላደረሰች ስሟ ጠፋ ማለት ነው። ምርቃቱ ቅዳሜ ሆኖ፣ ሐሙስ ጠዋት ማሽኑ ቆመ። ስክሪኑ ላይ "ይህ ሞዴል ከአገልግሎት ወጥቷል፤ እባክዎ አዲሱን ይግዙ" የሚል ጽሑፍ መጣ። ለካስ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ጥልፍ ከኩባንያው በኢንተርኔት ፈቃድ ይጠይቅ ኖሯል፤ ኩባንያው መልስ መስጠት አቆመ።

"ምንም አልተሰበረም እኮ!" አለች ባለቤቴ፣ ማሽኑን እንደታመመ ልጅ እየዳሰሰች። "መርፌው ደህና፣ ሞተሩ ደህና። በቃ ሙት ተብሎ ታዘዘ?" እንባዋ ጋዎኑ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን አዞረች።

ኩራቴን ዋጥኩና ደወልኩ።

ክቡርነታቸው መጡ። ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱን እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

"ምን ሆንክ?" አልኩ።

"ካቻቪቴ አይነሳም ተብሏል። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ።"

"አዋጁ ተሽሯል!"

"በምስክር ፊት?"

"ኧረ በናትህ ወንድሜ!" አለች እህታቸው። ቦርሳው ተከፈተ፤ እንቁላል መያዣውም ወጣ።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተው፤ የሆነውን ሳስብ ማሾፉ እምቢ ይለኛል። ሙሉውን ቀን ማሽኑ ላይ ጎብጦ ዋለ። ለጥልፍ የተሠራ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም አግኝቷል፤ ፕሮግራሙን በነጻ ከሚሠሩት ሰዎች መካከል አንዷ ጡረታ የወጣች የሂሳብ መምህርት ናት። የእኛን ሞዴል ግን ፕሮግራሙ አያውቀውም። የጎደለውን እሱ ይጽፋል፣ ያቃተውን ይጠይቃቸዋል፤ አይቶን የማያውቅ ሰው ከሌላ አገር ይመልስለታል። የባለቤቴ ጭንቀት የእነሱም ጭንቀት ሆነ። መምህርቷ "ነርሶቹ ጋዎናቸው ደረሰ?" ብላ ሁለቴ ጠየቀች።

አርብ ጠዋት መርፌው ተነሳ። የመጀመሪያዋ ነርስ ስም በሰማያዊ ክር ፊደል በፊደል ወጣ። ባለቤቴ ወንድሟን አንገቱን አንቃ ሳመችው። ጋዎኖቹ ቅዳሜ ጠዋት ተተኩሰው ሄዱ።

እሱ የጻፈውን ሁሉ፣ ያ ማሽን የቆመበት ሰው እንዲወስደው ለዓለም ለቀቀው።

"በነጻ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ መምህርቷ አስከፈለችን?"

እንቁላል መያዣው ላይ አንዲት ብሎን ተርፋለች፤ "ፋብሪካው ለጥንቃቄ የጨመራት ናት" አልኩ እኔው ቀድሜው።

ከዚያ በኋላ ችግር መጣ፤ ቤታችን ውስጥ ምንም ነገር አልበላሽ አለ። ማሽኑ ይሠራል፣ ቴሌቪዥኑም ልብ ገዝቷል። እሱ ደግሞ፣ ማሽናቸው የቆመባቸው ልብስ ሰፊዎች ከየአቅጣጫው እየጻፉለት፣ ያለ ምክንያት የሚመጣበት ጊዜ አጣ። ባለቤቴ እሁድ እሁድ በሩን ታያለች። እኔም አያለሁ።

ባለፈው እሁድ ደወልኩለት።

"ኢንጂነር፣ ማራገቢያችን ይንቀጠቀጣል።"

"ማን ነካው?"

"ማን ይነካዋል!" አልኩ፣ ከማራገቢያው የፈታኋትን ብሎን ኪሴ ውስጥ እያገላበጥኩ። "ብቻ ቶሎ ና፤ ምሳ አንበላም፣ እንጠብቅሃለን።"