በጀሪካን የተጫነ ፍቅር

የወደደውን ሁሉ ቤቱ ካላስገባ የማይረካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጓደኛዬ ሰይድ እንዲያ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ በእረፍቱ ቀን ግን ወንዝ ለወንዝ እየዞረ እንቁራሪት ይለቅማል። ሰው ቴምብር ይሰበስብ የለ? እሱ ደግሞ የሚተነፍስ ይሰበስባል።

በቀደም አብረን ከኩታበር ወደ ደሴ ስንመለስ፣ ገና ከመነሳታችን ሚኒባሱ ጉድጓድ ገባና ሰይድ የለቀማቸውን እንቁራሪቶች የያዘበት ጀሪካን ክዳኑ ተከፈተ። ወላሂ፣ እንዲያ ያለ ትርምስ አይቼ አላውቅም! አንዷማ መሪው ላይ ጉብ ብላ ልትነዳ የተነሳች ትመስል ነበር። ሾፌሩ ደንግጦ አቆመ።

አንዱ ተሳፋሪ ለካ የዱር እንስሳት ባለሙያ ኖሯል።

«ፈቃድ አለህ? ያለ ፈቃድ መልቀም ክልክል ነው። እንዲህ ከተለቀሙ ወንዙ ባዶ ሊቀር ነው!» አለው።

«ስለምወዳቸው እኮ ነው!» አለ ሰይድ፣ እንባው ሊመጣ ደርሶ።

ሻርፓቸው ላይ እንቁራሪት ያረፈችባቸው አንዲት እናት ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ የወደድከውን ሁሉ ጀሪካን ውስጥ ነው የምትከተው? አላህ ለሚስትህ ይድረስላት!»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ተረባርቦ እንቁራሪቶቹን ለቀመ፤ ሾፌሩም እያጉረመረመ ወደ ወንዛቸው መለሰን። ሰይድ ዳር ቆሞ እጁን እያውለበለበ ሸኛቸው። አንዷም ዞራ አላየችውም።