ሦስተኛው ማሳሰቢያ

ሰዎቹ፦
ሊቀ ቴምብር፦ የአንድ ቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊ። ስሙን ያወጡለት ደንበኞች ሊቀልዱበት ነው፤ እሱ ግን ማዕረግ መስሎት ተቀብሎታል።
ቀስበቀስ፦ ደብዳቤ መዳቢ፣ የሊቀ ቴምብር ሚስት ወንድም።
ባለመሰላሉ፦ መጨረሻ ላይ መሰላል ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ።

[የፖስታ ቤቱ የኋላ ክፍል። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የፖስታ ሣጥን ነው። የፖስታ ሣጥን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! እያንዳንዷ ሁለት ፊት ያላት ትንሽ ቤት ናት፤ በኋላ በኩል ለመዳቢው ወለል ብላ ክፍት፣ በፊት በኩል በተከራዩ ቁልፍ ብቻ የምትከፈት። ደብዳቤ ከኋላ ይገባል፣ ከፊት ይወጣል። ካልወጣ ደግሞ እዚያው ይከርማል። ቀስበቀስ ሞልቶ ባበጠ ሣጥን ውስጥ አንድ ፖስታ በማስመሪያ ይገፋል። ሊቀ ቴምብር ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ የቆርቆሮ ምልክት በተንጠለጠለባት ትንሽ ቁልፍ ጆሮውን ይኮረኩራል።]

ሊቀ ቴምብር፦ በማስመሪያ አትግፋ አልኩህ! ደብዳቤ በአውራ ጣት ነው የሚገፋው!

ቀስበቀስ፦ አውራ ጣቴ አብጧል ጋሼ። ጠዋት ስገፋ ነው።

ሊቀ ቴምብር፦ የግራውስ?

ቀስበቀስ፦ የግራው ትናንት ያበጠ ነው።

ሊቀ ቴምብር፦ በማስመሪያ የተገፋ ደብዳቤ ይጨማደዳል። የተጨማደደ ማሳሰቢያ ማንን ያስደነግጣል? እስቲ ንገረኝ!

ቀስበቀስ፦ አልገባም እያለ ነው እኮ። ሣጥኑ ሞልቷል።

ሊቀ ቴምብር፦ በምን?

ቀስበቀስ፦ ባለፉት ማሳሰቢያዎች።

ሊቀ ቴምብር፦ [ፊቱ እየበራ] ሞልቷል ማለት ሠርቷል ማለት ነው! ባለሱቅ መደርደሪያው ሙሉ ሲሆን ያለቅሳል ወይስ ይስቃል?

ቀስበቀስ፦ ዕቃው አልሸጥ ብሎት ከሆነ ያለቅሳል መሰለኝ።

ሊቀ ቴምብር፦ መሰለኝ! አንተን የገደለህ ይሄ መሰለኝ ነው። የእህትህ ባል ባልሆን ኖሮ የዚህን ቤት ደጃፍ እንኳ አያስጠርጉህም ነበር።

ቀስበቀስ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብጠይቅ ይቆጣሉ?

ሊቀ ቴምብር፦ እቆጣለሁ። ጠይቅ።

ቀስበቀስ፦ ይሄ ማሳሰቢያ ምን ይላል?

ሊቀ ቴምብር፦ [ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ የራሱን ጽሑፍ በቃሉ ያውቀዋል] «ክቡር ደንበኛችን፣ ሣጥንዎን ከፍተው ስለማያውቁና ኪራይዎን ስላልከፈሉ፣ ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰዎ ሣጥንዎን ይክፈቱ፤ ቀርበውም ይክፈሉ።» «እንደ ደረሰዎ» የምትለዋን ልብ በል። እሷ ናት ወገብ የምትሰብረው።

ቀስበቀስ፦ ሣጥኑን ካልከፈተ፣ ሣጥንህን ክፈት የሚለውን ደብዳቤ በየት በኩል ያገኘዋል?

ሊቀ ቴምብር፦ [መኮርኮሩን ያቆማል] ታዲያ ሁለተኛ ማሳሰቢያ ለምንድን ነው የሚጻፍለት?

ቀስበቀስ፦ ሁለተኛው የት ነው የሚገባው?

ሊቀ ቴምብር፦ ሣጥኑ ውስጥ ነዋ!

ቀስበቀስ፦ ሦስተኛውስ?

ሊቀ ቴምብር፦ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው።

ቀስበቀስ፦ ሣጥኑ ውስጥ ጨለማ ነው ብዬ ነው። ቀይ በጨለማ ይታያል?

ሊቀ ቴምብር፦ አይ የኔ ዕጣ! ከአንተ ጋር ማውራት ውኃ መውቀጥ ነው።

ቀስበቀስ፦ [በመስኮት እያየ] ባለሣጥኑ እኮ ያ ዳቦ ጋጋሪው ነው። ማዶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዱቄት የነካው ሽርጡ ሁሉ ይታየኛል። ልጥራውና ልንገረው?

ሊቀ ቴምብር፦ [ከወንበሩ ብድግ ብሎ] እንዳትሞክራት! የሥራ ጉዳይ በአፍ ይነገራል? በመስኮት? እንደ ጎረቤት? የሥራ ጉዳይ ይጻፋል፤ ቴምብር ይለጠፍበታል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ድገመው!

ቀስበቀስ፦ ይጻፋል፣ ይለጠፋል፣ ይመታል፣ ይገባል። ለማንም ቢሆን?

ሊቀ ቴምብር፦ ለማንም!

ቀስበቀስ፦ ለእርስዎም ቢሆን?

ሊቀ ቴምብር፦ ለእኔም ቢሆን! ደንብ የሚስት ወንድም አያውቅም።

ቀስበቀስ፦ እሺ። እንደዚያ እያደረግሁ ነው። ... ዳቦ ጋጋሪው እጁን አወዛወዘልኝ።

ሊቀ ቴምብር፦ እንዳትመልስለት! የሣጥን ዕዳ አለበት። ወደዚህ ዙርና ስማኝ፤ ትልቅ ነገር ላስረዳህ። መሥሪያ ቤታችን ለምን ከሰረ?

ቀስበቀስ፦ ደብዳቤ የሚጽፍ ስለጠፋ?

ሊቀ ቴምብር፦ ጎሽ! ሰው ካልጻፈ ማን ይጽፋል? እኛ! በየማሳሰቢያው ላይ ቴምብር አለ። ቴምብሩን ማን ሸጠ?

ቀስበቀስ፦ እኛ።

ሊቀ ቴምብር፦ ማን ገዛ?

ቀስበቀስ፦ እኛ።

ሊቀ ቴምብር፦ የዚህ ወር የቴምብር ሽያጫችን ሰማይ ነካ!

ቀስበቀስ፦ ገንዘቡ ከየት ወጣ?

ሊቀ ቴምብር፦ ከካዝናችን።

ቀስበቀስ፦ የት ገባ?

ሊቀ ቴምብር፦ ካዝናችን።

ቀስበቀስ፦ ታዲያ በመሃል ካዝናው ለምን ተከፈተ? ነፋስ እንዲያገኘው ነው?

ሊቀ ቴምብር፦ ለሽያጭ ነው አንተ ድንጋይ! ሽያጭ አደገ!

ቀስበቀስ፦ ሽያጩ ማደጉ ደግ ነው። ሙጫው ግን አለቀ። ሙጫ የምንገዛው ከሰው ነው፣ ከራሳችን አይደለም ብዬ ነው።

ሊቀ ቴምብር፦ ሙጫ! እኔ ስለ ሀገር ሀብት አወራለሁ፣ እሱ ስለ ሙጫ! ለነገሩ ከአንተ ምን ይጠበቃል? የገዛ ፖስታ ቤትህ ውስጥ ሣጥን ተከራይተህ፣ በየወሩ ኪራይ የምትከፍል ቂል አይደለህ? ከዚህ ሁሉ ሣጥን የሚከፍል አንተ ብቻ! «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የተባለው ለአንተ ነው።

ቀስበቀስ፦ ደብዳቤ ቢመጣልኝ ብዬ ነው።

ሊቀ ቴምብር፦ ለአንተ? ማን ይጽፍልሃል?

ቀስበቀስ፦ አንዳንዴ ይጽፋሉ። ጋሼ... ቤቱ ቢዘጋ እርስዎ ምን ይውጥዎታል? እህቴስ? ዋናው መሥሪያ ቤት የከሰረውን ቅርንጫፍ ሁሉ እዘጋለሁ ብሏል ይባላል።

ሊቀ ቴምብር፦ [ይስቃል] ለራስህ እዘን! ቤቱ ቢዘጋ መጀመሪያ የምትባረረው አንተ ነህ። እኔን? ዋናውን መሥሪያ ቤት ከኪሳራ የማወጣበትን ዕቅድ የላክሁትን እኔን? አንቀጽ አንድን ስማ፦ «ለሦስት ማሳሰቢያ መልስ ያልሰጠ ቅርንጫፍ ሞቷል ማለት ነውና፣ ያለ ምንም ርኅራኄ ይዘጋ።»

ቀስበቀስ፦ አይከብድም? አንዳንዱ ደብዳቤውን ሳያየው ቀርቶ ይሆናል እኮ።

ሊቀ ቴምብር፦ ደብዳቤ የማያይ ፖስታ ቤት! እሱ ይዘጋ እንጂ ምን ይደረግለት? ወጥ የማያይ ወጥ ቤት ሰምተህ ታውቃለህ? እንዲህ ያለውን ደደብ አንድ ቀን በወንበር ማስቀመጥ ለሀገር ኪሳራ ነው።

ቀስበቀስ፦ ዕቅዱን በፖስታ ነው የላኩት?

ሊቀ ቴምብር፦ አብደሃል? እንዲደርስ እኮ ነው የፈለግሁት! ለአውቶቡስ ሹፌር የሻይ ሰጥቼ፣ እጅ በእጅ!

ቀስበቀስ፦ መልሱስ?

ሊቀ ቴምብር፦ መልሱ በስልክ ነው። ለእንደኔ ያለ ሰው ይደወላል። [ከመሳቢያው አዲስ ከረባት አውጥቶ ያሳየዋል] ይኸው ከረባቴ። «የማሻሻያ መምሪያ ኃላፊ ሆነህ ና» ሲሉኝ ነው የማስራት። እህትህም ግማሽ ዕቃችንን አስራ ጨርሳለች። ቤቱንም ለአከራዩ እንለቃለን ብለናል።

ቀስበቀስ፦ [ደንግጦ] ቤቱንም? ስልኩ ግን ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

ሊቀ ቴምብር፦ ዛሬ ሊጮኽ ነዋ። [መነጋገሪያውን አንስቶ ያዳምጣል፤ ይነቀንቀዋል] ጭጭ ብሏል።

ቀስበቀስ፦ ተቆርጦ ይሆናል።

ሊቀ ቴምብር፦ አይቆርጡም። ከመቁረጣቸው በፊት ማሳሰቢያ ይልካሉ፤ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ቀስበቀስ፦ በምን ይልካሉ?

ሊቀ ቴምብር፦ በፖስታ ነዋ!

ቀስበቀስ፦ የእኛ ፖስታ የት ነው የሚገባው?

ሊቀ ቴምብር፦ ሣጥን ቁጥር አንድ! ስንት ዓመት ስትመድብ ኖረህ ይሄን አታውቅም?

ቀስበቀስ፦ አውቃለሁ። ቁጥር አንድም ሞልቷል። ባለፈውም ነግሬዎት ነበር።

ሊቀ ቴምብር፦ ባለፈው ምን ብዬ መለስኩልህ?

ቀስበቀስ፦ «ሞልቷል ማለት ሠርቷል ማለት ነው» ብለው።

ሊቀ ቴምብር፦ እና?

ቀስበቀስ፦ ከኋላ በኩል ላውጣልዎት?

ሊቀ ቴምብር፦ ከኋላ የሚያወጣ ሌባ ነው! ደብዳቤ ከፊት፣ በቁልፍ ብቻ ነው የሚወጣው። ቁልፉ አንድ ቦታ አለ፤ ስፈልገው አገኘዋለሁ። [ቁልፏን ወደ ጆሮው ይመልሳታል]

[ከውጭ ብረት ሲፋቅና መዶሻ ሲመታ ይሰማል። አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ይወድቃል።]

ሊቀ ቴምብር፦ መጡ! ሰምተሃል? አዲስ ታፔላ ሊሰቅሉልኝ ነው! [ከረባቱን እየተጣደፈ ያስራል፤ ቁልፏ ጆሮው ውስጥ ቀርታለች] መስታወት! መስታወት የለም? አንተ፣ ፊቴ ላይ የቀረ ነገር አለ? ቀጥ በል፣ አታሳፍረኝ!

[ባለመሰላሉ ይገባል። በብብቱ አሮጌውን ታፔላ ይዟል።]

ባለመሰላሉ፦ እንደምን ዋላችሁ። ይቅርታ፣ መብራቱንም አጥፋ ተብያለሁ። ቆጣሪው የት ነው?

ሊቀ ቴምብር፦ አዲሱን ሳትሰቅል አሮጌውን ታወርዳለህ እንዴ? አዲሱስ?

ባለመሰላሉ፦ አዲስ የለም ጌታዬ። ቤቱ ተዘግቷል። ዋናው መሥሪያ ቤት ለሦስት ማሳሰቢያ መልስ ያልሰጠ ቅርንጫፍ ይዘጋ ብሏል። የመጀመሪያው እናንተ ናችሁ።

ሊቀ ቴምብር፦ ይሄ... ይሄ እኮ የእኔ ዕቅድ ነው!

ባለመሰላሉ፦ እርስዎ ነዎት እንዴ? ባውቶቡስ ሹፌር ዕቅድ የላኩት? እዚያ በር ላይ ዘበኞቹ እርስዎን ሲያነሱ ነው የሚውሉት። ደስ ብሏቸው ሹመት ሊሰጡዎት ጻፉልዎት አሉ። እርስዎ ዝም አሉ። ደግመውም፣ ሦስተኛም ጻፉ። ዝም። ከዚያ በገዛ አንቀጽዎ... በሉ ቆጣሪውን አሳዩኝ። እንዴ፣ በጆሮዎ የተንጠለጠለችው ምንድን ናት? «አንድ» የሚል ቁጥር አላት።

[ሊቀ ቴምብር እጁን ቀስ ብሎ ወደ ጆሮው ይልካል። ቁልፏን ያወጣታል። ያያታል። ወደ ግድግዳው ያያል። ያቺን የቆርቆሮ ቁጥር ሲያገላብጣት መኖሩ አሁን ገና ይታየዋል። ቀስበቀስ ኮቱን ለብሶ የምሳ ዕቃውን በቦርሳው ይከታል።]

ሊቀ ቴምብር፦ አንተስ ወዴት ነው?

ቀስበቀስ፦ ከወንዙ ማዶ ያለው ቅርንጫፍ። ነገ እገባለሁ። ተዛወርኩ ጋሼ።

ሊቀ ቴምብር፦ አንተ? እንዴት ሆኖ?

ቀስበቀስ፦ ሣጥኔ ውስጥ ደብዳቤ መጣልኝ። «ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ ዝውውር ከፈለግህ መልስ ስጥ» ይላል። መልስ ሰጠሁ።

ሊቀ ቴምብር፦ አንተ ከሃዲ! የእህትህ ባል አይደለሁም? አንድ ቃል ትንፍሽ አትልም?

ቀስበቀስ፦ ብያለሁ እንጂ! ሦስት ጊዜ!

ሊቀ ቴምብር፦ መቼ? በየት በኩል?

ቀስበቀስ፦ የሥራ ጉዳይ በአፍ አይነገርም፣ ለእኔም ቢሆን አላሉም? ጻፍኩ፣ ቴምብሩን በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ ለጠፍኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ ቁጥር አንድ ውስጥ ከተትኩ። [ያበጠ የግራ አውራ ጣቱን ያሳያል] ትናንት ይቺን ያሳበጠችኝ ሦስተኛዋ ናት። አልገባም ብላኝ።

ሊቀ ቴምብር፦ [ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል] ሦስተኛዋ... ምን ትላለች?

ቀስበቀስ፦ «ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰዎ ሣጥንዎን ይክፈቱ» ትላለች። በቀይ ቀለም ነው የጻፍኳት።