ታፈሰና የተቆለፈው የዘይት ክዳን
አንዴ አስሮ የማይረካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ቆቦ ጤና ጣቢያ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ቁስል አሳሪ፣ ድሬሰር ታፈሰ ነው።

ታፈሰ ከጣሊያን ዘመን የተረፈች ሞተር ሳይክል ነበረችው። አንድ ቀን ጎብዬ መንገድ ላይ የዘይት ክዳኗ ተፈናጥሮ ጠፋ። እሱ ምን ያድርግ? አዲሱን ክዳን በሽቦ አሰረው። ሽቦውን አላመነውም፣ ጠፍር ጠመጠመበት። ጠፍሩንም አላመነውም መሰለኝ፣ በሰንሰለት ጠፍንጎ የመጋዘን ጓጉንቸር ቆለፈበት! ከዚያ ወዲህ ጠብታ ዘይት ፈሶ አያውቅም።

ዋጃ መጠለያ ላሉት ሕፃናት የዱቄት ወተት ጭነን ስንሄድ፣ ከተማው ሳንደርስ ሞተሯ ጭስ ተፍታ ቀጥ አለች። አሮጊቷ ሞተር ዘይቱን ጠጥታ ጨርሳዋለች። ደግነቱ ጣሳ ሙሉ ዘይት ይዘናል።

«በል ክፈተው» አልኩት።

«ቁልፉ ቆቦ ነው። እንዳይጠፋ ብዬ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

ይኼኔ ሸህ ይማም የሚባሉ የዋጃ ነጋዴ ግመላቸውን እየሳቡ ደረሱ። ነገሩን ሲሰሙ ሳቃቸው አልቆም አላቸው። ግመሉን አንበርክከው ወተቱን ጫኑልን። ከዚያ ወደ ታፈሰ ዞረው ሰንሰለቱን በበትራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ሱብሃነላህ! ሐኪም፣ እኔ እኮ በዚህ አገር እንዲህ በጥንቃቄ የሚቆለፍበት እህል ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ።