ባሕር የሌለው የባሕር ምሰሶ

እኛ ሰፈር የተማረ ሰው የሚከበረው የተማረው ነገር በዓይን የሚታይ ከሆነ ነው። የመቱ ልጅ ስለ ቡና ብትማር፣ ስለ ማር ብትማር፣ ግፋ ቢል ስለ መንገድ ብትማር «ይበል!» እንላለን። የእህቴ ልጅ ሰብለ ግን ባሕር ውስጥ ለሚቆም የነፋስ ኃይል ማመንጫ እግር እሠራለሁ ብላ ተነሣች። ባሕር! ኧረ በስመ አብ! እኛ ዝናብ እንጂ ባሕር መች አይተን እናውቃለንና ነው?

«ጋሼ፣ ጭንቁ ላይኛው አይደለም፤ እግሩ ነው» ትለኛለች። ያ ሁሉ ብረት ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ከላይ ነፋስ ከታች ማዕበል እየገፋው እንዴት ይቆማል? እንቅልፍ የሚነሣት ይኸው ነው። የዩኒቨርሲቲ የጥናት አማካሪዋ ደግሞ ቁርጡን ነገራት፤ ወይ ኮምፒውተር ላይ ያሰላሽውን ጭቃ ላይ አቁመሽ አሳዪኝ፣ ወይ ርዕስ ቀይሪ አላት። ርዕስ መቀየር ማለት የለፋችበትን ሁሉ ገደል መክተት ነው። ሌላው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሷ ቦት ጫማ ገዛች።

ወደ ኖፓ በሚወስደው መንገድ ዳር ክረምት ከበጋ ውኃ የማይለየው ጨፌ አለ። ቀጭን ረጅም የብረት ቱቦ እዚያ አስተከለችና አናቱ ላይ ውኃ የተሞላ ጀሪካን አሰረች፤ ጀሪካኑ በማሽኑ ፈንታ መሆኑ ነው። የቀበሌ ፈቃድ ይዛለች። የዘነጋችው ግን እዚህ አገር ከብት ያለው ሁሉ የሚያውቀውን ነው፤ ጨፌ ላይ ብረት ተተከለ ማለት መሬቱ ለባለሀብት ተሰጠ ማለት ነው፣ ጨፌው ከሄደ ደግሞ ከብቱ በበጋ ምን ሊበላ ነው?

በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ የአካባቢው ገበሬዎች ገመድ ይዘው ቆመዋል። ፊት መሪው ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ቁጡ፣ የብዙ ላም ጌታ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሰብለ ወደ ፊት ሄደች።

«ኦቦ ገመቹ፣ ለትምህርቴ ነው። ስጨርስ ራሴ እነቅለዋለሁ።»

«የሚነቀል ከሆነማ ምን አደከመሽ? እኛው እንነቅልልሻለን!»

ባላቸው ጉልበት ሁሉ ሳቡ። ምሰሶው ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ደግመው ሳቡ፤ አሁንም ቀና አለ። የኦቦ ገመቹ ደም ፈላና የደቦ ዘፈን አወጡ፤ ሌሎቹ እየተቀበሉ በዜማው ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ ያደርጉት ጀመር። ታዲያ ያ ጉልበት ያልበገረው ምሰሶ ከዘፈኑ ጋር ይወዛወዝ ጀመረላችሁ! በሳቡት ቁጥር እየባሰበት ሄዶ ጀሪካኑ ተወረወረ፣ ቱቦውም ጭቃው ላይ ተጋደመ። የልጅቷ ልፋት አለቀ አልኩ።

«ጋሼ፣ አዩልኝ?» ብላ ጮኸች፤ በደስታ! ለካ ማዕበልም እንዲሁ ነው። ምሰሶ የራሱ ውዝዋዜ አለው፤ የሚገፋው ነገር ያንን ውዝዋዜ ካገኘለት ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። ወዲያው ወደ ሽማግሌው ዞረች። «በሚቀጥለው ሳምንት ውዝዋዜው ከዘፈናችሁ ጋር የማይገጥም ወፍራም ምሰሶ እተክላለሁ። እንዲሁ እየዘፈናችሁ ሳቡልኝ። ከወደቀ ርዕሴንም ጨፌያችሁንም ትቼ እሄዳለሁ።»

ኦቦ ገመቹ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

በቀጠሮው ቀን አማካሪዋም መጣ፤ ጫማው ግን ለጨፌ የሚሆን አልነበረም። ገበሬዎቹ ፈጠን አድርገው ዘፈኑ፣ ዝግ አድርገው ዘፈኑ፣ የሠርግ ዘፈን ሳይቀር ሞከሩ። ወፍራሙ ምሰሶ ንቅንቅ አላለም። አማካሪዋ እግሩን ከጭቃው እየመዘዘ «በርዕስሽ ቀጥዪ» አላት። እኔ ያን ዕለት አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል?

ሰብለ ተመረቀች። ቃሏን ልትፈጽም ያንኑ ገመድ ይዛ፣ እነዚያኑ ሰዎች፣ እኔንም ጨምራ ምሰሶውን ልትነቅል ወጣች። ሳብን። ዘፈንን። ወይ ፍንክች! ኦቦ ገመቹ ላባቸውን ጠርገው «ልጄ፣ መትከሉን ያስተማሩሽ ሰዎች መንቀሉን አላስተማሩሽም?» አሏት።

ሰብለም አንድ ጊዜ ቃል ገብታለችና ይኸው በየሳምንቱ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች፤ የሚቀጥለው ጥናቷም ስለ አነቃቀል ነው አሉ። ጨፌው እንደሆነ ባለሀብት አልመጣበትም፤ ምሰሶው ላይ የኦቦ ገመቹ ላም ታስራበታለች።