ጢሞና ሰፊው ሕዝብ

ፍርሃትም እንደ ልብስ ፋሽን አለው። በእናቴ ዘመን ሰው ጅብና መብረቅ ይፈራ ነበር። የእናንተ ዘመን ልጆች ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋባችሁ ፊታችሁ የሚገረጣውን እያየሁ፣ ቤታችሁ በሽተኛ ያለ መስሎኝ «እግዜር ይማረው» ልል ስንቴ አፌን ከፍቻለሁ። በእኔ ጉብዝና፣ በደርግ ጊዜ፣ የሚፈራው ነገር ከመብዛቱ የተነሳ ሰው መርጦ ነበር የሚፈራው። አንዱ ጂፕ ይፈራል፣ አንዱ ስብሰባ ይፈራል፣ አንዱ የጎረቤቱን ሰላምታ ይፈራል። እኔ የፈራሁትን ብነግራችሁ ግን ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለኝም። እኔ የፈራሁት ዓሣ ነው።

አዞ አላልኩም። ዓሣ። ያውም የመሃል ጣቴን የሚያህል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳንግላ ላይ ከአንድ ወዳጅ አገር የመጣ የከብት ሐኪም ነበር። ሚስቱን ማዳም እንላታለን፤ ቤቷን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ሠራተኛ ነበረች የሚሏችሁን እንዳትሰሙ፤ ያለ እኔ ያ ቤት አንድ ቀን አይውልም ነበር። ማዳም ሌላው ሰው ዶሮ እንደሚያረባው ዓሣ ታረባለች። ሳሎኗ ውስጥ የአልጋ እኩሌታ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አለ፤ ዘሩ የተለያየ ዓሣ እዚያ ውስጥ ሳይጣላ ይኖራል። ከላይ ከላይ እንደ በርበሬ የቀሉ ወፋፍራሞች ይንጎራደዳሉ። መሃሉን እንደ መርፌ የቀጠኑ ብርማዎች ይዘውታል። ከታች፣ አሸዋው ላይ፣ እሱ አለ።

ማዳም የምትጠራው ስም ምላስ የሚያስነክስ ስለነበር እኔ ጢሞ አልኩት። መልኩ እባብ ቢጤ ነው፤ ዝንጉርጉር ቡናማ ሆኖ አፉ ዙሪያ እንደ ሽማግሌ ጢም አለው። ቀን ቀን የእንስራ ስባሪ ሥር ይወተፋል፣ ወይም አሸዋ ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ብቻ ያወጣል። መሸት ሲል ብቅ ይልና ሌሎቹ ያራገፉትን ይለቅማል። አንዳንዴ ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ ሬሳ ይመስላል። መጀመሪያ እንዲህ ሆኖ ያየሁት ቀን እሪ ስል ማዳም ሮጣ መጣች። «አንተ መፍራት የለም!» አለችኝ እየሳቀች። «እሱ ሞት የለም፣ እሱ ዕረፍት!» እኔን አንተ እንዳለችኝ ኖራ፣ አንተ እንዳለችኝ አገሯ ገባች።

ግን አስተምራኛለች፤ ሐሰት አልናገርም። አሸዋው የደቀቀ ይሁን፣ ሸካራ ከሆነ ጢሙን ይጨርሰዋል። ውሃውን በአንዴ አትገልብጥ፣ ጥቂት ጥቂት እየቀዳህ ቀይር። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጢሞ እንዳበደ ይሆናል፣ ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወረወራል፤ ስለዚህ «አንተ ክዳን ዝጋ! እሱ ዝላይ!» ይህችን እንደ ዳዊት ደገምኳት።

ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ገንዳው ለሕዝብ ተወረሰ። ሕዝብ ማለት የወረዳው ጽሕፈት ቤት አለቃ፣ የጓድ ኃላፊው ቢሮ ነው። ከገንዳው ጋር እኔም ተወረስኩ።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ፈንታን ላስተዋውቃችሁ። ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ለዘማች ስንቅ የሚሆን እህል ሲፈጭ የወፍጮው ድንጋይ ተሰነጠቀ። ድንጋይ ነው፣ ይሰነጠቃል። እነሱ ግን «አሻጥር» አሉት፤ ፈንታንም ወስደው ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ካለችው እስር ቤት አስገቡት። የሌላው እስረኛ ቤተሰብ ምግቡን በር ላይ ጥሎ፣ ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ ይመለሳል። እኔ የግቢው ሠራተኛ ስለሆንኩ በእጄ አቀብለዋለሁ፤ ዓይኑን አያለሁ። የጓድ ኃላፊው ቢሮና እስር ቤቱ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ ቆሜ አዳምጣለሁ። ፈንታ የወፍጮ ዱቄት ያመጣበት ሳል አለበት። ሳሉ ከተሰማ ፈንታ አለ። ከዚያ በኋላ ነው መጥረጊያዬን የማነሳው።

እንግዲህ ሒሳቡን አብራችሁኝ አስሉት። ድንጋይ ስለተሰነጠቀ ሰው ከታሰረ፣ የሕዝብ ዓሣ ቢሞት ምን ሊመጣ ነው? ከዚያ ቢሮ ከተባረርኩ ያችን ሳል ማን ይሰማልኛል?

ጓድ ኃላፊው ደግሞ ገንዳውን እንደ ልጁ ወደደው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አጠገቡ ይቆምና በእርሳስ እየጠቆመ ያስተምራል። «ይህ ጓዶች፣ የኅብረተሰባችን ተምሳሌት ነው። እነዚህ ቀያዮቹ ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ይሄ ከታች ያለው፣ ሳይታክት የሚሠራው፣ ሁሉን የሚያጸዳው ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ነው።» እንግዳው ያጨበጭባል። ሰፊው ሕዝብ እንስራ ስባሪ ሥር ተወትፎ አይታይም። እኔ ባልዲዬን ይዤ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ችግር አንድ ሁለት እያለ መጣ። የማዳም ገንዳ አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተር ነበረው፤ ገንዳው ውስጥ ጥግ ላይ ካለች ጠጠር የሞላባት የፕላስቲክ ሣጥን ጋር በቱቦ ተያይዞ ውሃውን ያጠራል። የዳንግላ መብራት እንደፈለገ የሚሄድ የሚመጣ ነበርና ሞተሩ ተቃጠለ። ቱቦውም ተነቅሎ ሣጥኗ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ላወጣት ስል ጓድ ኃላፊው ጮኸብኝ። «የሕዝብ ንብረት ነው! ኮሚቴ መጥቶ እስኪያየው እንዳትነኪ!» ኮሚቴው ዛሬም አልመጣም። እኔ ግን ዓሣዎቹ ትንፋሽ እንዳያጥራቸው ጠዋትና ማታ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ እደፋ ነበር።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ሰማዩ ሲከብድ ጢሞ አበደ፤ እንደዚያ ቀን ሲወረወር አይቼው አላውቅም። በማግስቱ ስገባ፣ ሳሉን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ወደ ገንዳው ስሄድ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሏል። ጓድ ኃላፊው ሲጋራውን ሊተረኩስ ከፍቶት ነው፤ አመዱ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። ጢሞ የለም። እንስራ ስባሪውን አነሳሁ፣ የለም። አሸዋውን በጣቴ ዳበስኩ፣ የለም። ቁምሳጥን ሥር፣ ወንበር ሥር በሆዴ ተሳብኩ፣ የለም። ከደጅ የግቢው ድመት አፏን ትልሳለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከግድግዳው ማዶ ፈንታ ይስላል። እሱ እየሳለ እኔ አለቀስኩ።

የአክስቴ ልጅ አዱኛ በርበሬ ለመነገድ በጭነት መኪና ጫግኒ ይመላለሳል። ሄድኩና አንድ ጢም ያለው ትንሽ ዓሣ ከቆላው ወንዝ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት።

«እትዬ፣ ለወጥ ነው?»

«ለመንግሥት ነው።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ለመንግሥት ትንሽ ዓሣ ይሰጣል? ትልቁን ላምጣልሽ እንጂ።»

«ጣት የሚያህል አልኩህ! ጢም ይኑረው፣ አፍህን ዝጋ፣ በቃ።»

በወተት ጣሳ አመጣልኝ። ጢም አለው፣ ጣት ያህላል፣ ቀን ይደበቃል። ከጢሞ ጠቆር ይላል እንጂ ሌላ እንከን አላየሁበትም። ጓድ ኃላፊው አጎንብሶ አየውና «ጠቁሯል እንዴ?» ሲል፣ ነፍሴ ካፌ ልትወጣ እየታገለች፣ «ክረምት ሲሆን ይጠቁራል ጓድ» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዓመቱ ውስጥ ስንት ወር ክረምት እንደሆነ ብነግራችሁ ጉድ ትላላችሁ።

ያመጣልኝ አምባዛ ነው። አምባዛን የምታውቁ ቀድማችሁ ሳቃችሁ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ አምባዛ ሕፃን ሆኖ ምን እንደሚመስል ማን ነገረኝ? መስከረም ላይ ብርማዎቹ ሳሱ። ጥቅምት ላይ አለቁ። ጓድ ኃላፊው «የት ሄዱ?» ሲል «ተደብቀው ነው» እላለሁ፤ በዚያ ዘመን ተደበቀ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ይበርደኛል። ድመቷን ጠረጠርኩ፣ ዘበኛውን ጠረጠርኩ። አንድ እኩለ ቀን ላይ ግን ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ከአዲሱ ሰውዬ አፍ የቀይ ዓሣ ጭራ ወጥቶ ይወራጫል።

ለማን ልናገር? በላተኛው እሱ ነው ብል፣ ከየት መጣ ልባል ነው። ጢሞ ጠፍቶ ነበር ብል፣ ፈንታ አጠገብ ልታሰር ነው። በአገውኛ እየተሳደብኩ ሥጋ ቆርጬ ጣልኩለት፣ ቢጠግብ ብዬ። ሥጋውንም በላ፣ ቀያዮቹንም በላ። እየወፈረ ሲሄድ ጓድ ኃላፊው ፊቱ ፈካ። «አየሽ ጓዲት ይመኙሻል? ሰፊው ሕዝብ እንዴት እየፋፋ ነው!»

ጥር ላይ ከክፍለ ሀገሩ ትላልቅ ሰዎች መጡ። በገንዳው ውስጥ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከቀያዮቹ ሁሉ ትልቁ፣ እና እሱ። እኔ ለእንግዶቹ ውሃ ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጓድ ኃላፊው እርሳሱን አነሳ። ቀያዮቹ ቁጥራቸው ያነሰው በጥራት ስለተመረጡ ነው አለ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሰፊው ሕዝብና ግንባር ቀደሙ አንድ ናቸው!»

በዚያች ቅጽበት እውነትም አንድ ሆኑ። ሰፊው ሕዝብ ከሥር ተነስቶ ግንባር ቀደሙን በራሱ በኩል ጎረሰው። ጭራው ከውጭ ቀርቶ መስታወቱን ይደበድባል፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ።

የሳቀ የለም። የተነፈሰም የለም። እርሳሱ አየር ላይ ቀረ። እያንዳንዱ ሰው ሌላው አይቶ እንደሆነ በዓይኑ ጥግ ይፈልጋል፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ወደ ጫማቸው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ፍርሃት የእኔ ብቻ አይደለም። ለካ ትልቁም ሰው የሚፈራው ትልቅ ሰው አለው። ከግድግዳው ማዶ ፈንታ ሳለ። መነጽር ያደረገው እንግዳ ሰዓቱን ተመለከተና «ስብሰባው አልረፈደም?» አለ። ተከታትለው ወጡ።

ጓድ ኃላፊው ብቻውን ተመልሶ መጣ። በሩን ዘጋው።

«ጓዲት፣ ምን አየሽ?»

«ዓይኔ ደከም ብሏል ጓድ። ምንም አላየሁ።»

«ጥሩ።»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን በራሷ ሄደች። «ያስቸገረችኝ ምላሴ ናት ጓድ። ቤት የማዋራው ሰው ካጣሁ ጀምሮ ጎረቤት ለጎረቤት መዞር ለምዳለች። ፈንታ በነበረ ጊዜ እኮ እሱን ስጨቀጭቅ ነበር የምውለው፤ ከደጅ አልወጣም ነበር።»

አየኝ። ረጅም አየኝ። አንድ ጨምሮ ማሰር ይሻላል ወይስ አንድ ቀንሶ መፍታት ብሎ ሲያሰላ በፊቱ ላይ አነብ ነበር፤ መሠረተ ትምህርት ካስተማረኝ ፊደል ሁሉ እንደዚያ አጥርቼ ያነበብኩት የለም። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ለወፍጮው አዲስ ድንጋይ መጥቷል ይባላል። ሠራተኛ ያስፈልገዋል።» ቀጠለና፣ «ይህን ገንዳ ባዶ አድርጊው። ዓሣ የሚባል ነገር እዚህ አልነበረም።»

«አልነበረም ጓድ።»

አምባዛውን ዘበኞቹ ጠብሰው በሉት። በቀይ ዓሣ የደለበ ሥጋ ምን ምን እንደሚል አልጠየቅኳቸውም። እኔ ውሃውን ቀድቼ ጨረስኩ፣ አሸዋውን ዛቅሁ፣ ኮሚቴ ስትጠብቅ የኖረችውን ያችን ሣጥንም አንስቼ ጠጠሯን ባልዲ ላይ ገለበጥኩ። ከጠጠሩ ጋር አንድ ቀጭን ነገር ጠብ አለ።

ጢሞ ነበር። በተነቀለው ቱቦ ቀዳዳ ገብቶ ያን ሁሉ ወር እዚያች ውስጥ ከርሟል። አምባዛው በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ላዩ ላይ ያሉት አንድ በአንድ ሲጎረሱ፣ በቀዳዳው የገባለትን ፍርፋሪ እየለቀመ ዝም ብሏል። በጎኑ ተጋደመ። አልጮህኩም። መሞት የለም፣ ዕረፍት ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጢሙ ተንቀሳቀሰ።

በወተት ጣሳው ከትቼ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ ቤቴ ወሰድኩት። ፈንታ በማግስቱ ተፈታ። ቤት ገብቶ ሲረጋጋ፣ ከስቶ፣ እየሳለ፣ ጥግ ያለችውን ጣሳ አየና ጎንበስ ብሎ ተመለከታት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰፊው ሕዝብ ነው» አልኩት። «እውነተኛው።»

ፈንታ ተነሳና በሩን ዘጋ። ቀጥሎ መስኮቱን።