ኦቦ ዳባን በቅጽ መሙላት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ወንበር ሲሰበር ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ዕድሜውን ሙሉ ሲማር የኖረ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ ግን ለስላሳና ብስኩት ይቀርብለታል፤ ይጨበጨብለታል፤ በቃ። ወንበሩ ንብረት ነዋ! ጭንቅላት በየትኛው ሞዴል ገቢ ይደረጋል?

ይህን ያናገረኝ የኦቦ ዳባ ነገር ነው። ኦቦ ዳባ ጎጆ ከተማ ያለውን የዘር ድንች መጋዘናችንን ለብዙ ዓመት የያዙ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ከወራት በኋላ፣ እኔ አምቦ ወንበሬ ላይ በሰላም በተቀመጥኩበት፣ «የእውቀት አመራር» የሚል መመሪያ ከላይ ወረደ። ኃላፊያችን አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ አስይዘው፣ የኦቦ ዳባን እውቀት ሞልቼ እንድመጣ አዘዙኝ። ስንዴ ነው እንዴ?

መንገዱን አልነግራችሁም፤ ጎጆ ስደርስ አጥንቶቼን አንድ በአንድ መቁጠር እችል ነበር። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ያለዎትን እውቀት በመቶኛ ይግለጹ» ይላል። ሳነብላቸው ኦቦ ዳባ ሳቁና «አኒ ማል ቤካ?» አሉኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ ማለታቸው ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ለመናገርማ ማን ጠይቋቸው ያውቃል!

«ይልቅ ና፣ መጋዘኑን እንየው» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። እሳቸውን የተካችው ሌንሳ የምትባል አዲስ ምሩቅ ናት። በሩን ስትከፍትልን ጨለማ ተቀበለን። ለካ ብርዱ ድንቹን እንዳይጎዳው ብላ መስኮቱን ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ሸፍናዋለች። ኦቦ ዳባ አንድ ድንች አነሱና ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አገላበጡት። ቡቃያው ነጥቶ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ረዝሟል። ከሥር ያለው መበስበስ ጀምሯል። ይህ እንግዲህ የስንት ገበሬ የመጪው ክረምት ዘር ነው!

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዘር ድንች ብርሃን ይወዳል። ብርሃን ሲያገኝ ቡቃያው አጭርና ወፍራም ይሆናል» አሏት።

«ማንም አልነገረኝም» አለች ሌንሳ። «ያስረከቡኝ ቁልፍ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ምን ይደረግ? ላስቲኩን ቀደድን። ሦስት ቀን ሙሉ የበሰበሰውን ስንለቅም፣ ደህናውን መደርደሪያ ላይ ሳሳ አድርገን ስንዘረጋ ከረምን። ቅጹን ከሥሬ አንጥፌ ተቀመጥኩበት፤ በአገልግሎት ዘመኑ የሠራው ሥራ ይኸው ነው። ሌንሳ ኦቦ ዳባ የተናገሩትን አንዲት ቃል ሳታስቀር ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዘሩ ከግማሽ በላይ ተረፈ። ኦቦ ዳባ ስንለያይ እጇን ይዘው፣ «አሁን ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ» አሏት።

አምቦ ተመልሼ ለኃላፊያችን ሁሉንም በኩራት ነገርኳቸው፤ ልጅቷን በተለይ አመሰገንኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! በሳምንቱ ደብዳቤ ወጣ። ሌንሳ ተሾመች፤ አሁን አምቦ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስለ እውቀት ሽግግር ሪፖርት ታዘጋጃለች።

መጋዘኑንስ ማን ያዘው ብዬ ብጠይቅ፣ ኃላፊያችን በረጅሙ ተነፈሱና፣ «እሱ ነው እኮ የቸገረን» አሉኝ፤ «ስለ ድንች የሚያውቅ ሰው ጠፋ።»