አባዬን ላይቭ ላይ ላስወግዘው ነበር

ጉዴን ስሙልኝማ! ዛሬ የሠራሁትን የጠላት ልጅ አይሠራውም!

መቼም ታውቁኛላችሁ፤ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ የማወግዝ ሰው ነኝ። መብራት ሲጠፋ በጽኑ አወግዛለሁ። ሽንኩርት ሲወደድ በጽኑ አወግዛለሁ። ሞላሌ ከተማ ላይ ባጃጅ ጭቃ የረጨኝ ለታማ መግለጫ ሁሉ አውጥቻለሁ። ከዚያ ቁርሴን እበላለሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ "አንዴ ቆዩን" አሉ። ለካ ከተከለለው ሜዳ ጓሳ የታጨደ አለ። ጓሳ ጣሪያ የምንከድንበት ሣር ነው፤ ሽማግሌ ሳይፈቅድ ማንም ማጭድ አያስገባበትም።

"ያጨደው ይናገር፤ ካልተናገረ ይወገዛል" ተባለ።

ኮንቴንት! ስልኬን መዥረጥ አድርጌ ላይቭ ገባሁ።

መምሬ ግን አመነቱ። "ሳምንት እንስጠው፤ ቸግሮት ይሆናል" አሉ።

የምን ሳምንት! እጄን አወጣሁ። "ዛሬውኑ ይወገዝልን! አውቆ ዝም ያለውም አብሮ ይወገዝ!"

መምሬ ዞር ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ የተወገዘ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ሲታመም የሚጠይቀው የለም። ማዕድ የሚጋራው የለም። ሲሞት እንኳ ፍትሐት የለውም።"

"አውቃለሁ መምሬ! በጽኑ ይወገዝ!"

ይሄኔ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ጋቢውን እያስተካከለ ተነሣ።

አባዬ!!

"እኔ ነኝ ያጨድኩት" አለ። "ለልጄ ብዬ ነው።"

ልጁ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ያቺ ቪዲዮ የምሠራባት የሣር ጎጆ አለች አይደል? "ባክግራውንድሽ ሲያምር!" የምትሉኝ? በአዲስ ጓሳ ካልከደንክልኝ ብዬ ስነዘንዘው የከረምኩት እኔ ነኝ። ከገበያ የገዛው መስሎኝ! አባዬ እኮ የሰው ገለባ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንጀቴን በላኝ።

ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተንሾካሾኩ። "የውግዘቱ ቃል ከአፋችን ሳይወጣ አምኗል። ሣሩን ያውርድና ጣሪያቸው ለሚያፈስባቸው እማሆይ ይክደንላቸው" አሉ። መምሬ በመስቀላቸው ባርከው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉት። ሰዉ እየመጣ ሳመው። በቃ፣ አለቀ።

ላይቩስ?

ወይኔ! አላጠፋሁትም! ኮሜንቱ ይጎርፋል፦

"በጽኑ እናወግዛለን!" "ይሄ ሌባ ሽማግሌ!" "ፊቱን ሼር አድርጉት!" ቪዲዮውን ባጠፋው ምን ዋጋ አለው፣ ሌሎች ቀድተውታል። "ኧረ አባቴ ነው! ይቅር ተብሏል!" ብዬ ጻፍኩ። "ለሌባ የምትከራከረውንም እናወግዛለን" አላችሁኝ። እናንተ ናችሁ እኮ፣ ስማችሁን አይቻለሁ!

አሁን አባዬ ጎጆዋ ላይ ወጥቶ ሣሩን እያወረደ ነው፤ እኔ ከታች እቀበለዋለሁ። ቅድም ጎንበስ ብሎ "እነዚያ የስልኩ ሰዎችስ ፈቱኝ?" አለኝ።

"አዎ አባዬ፣ ፈትተውሃል" አልኩት። ዓይኑን ግን ማየት አቃተኝ።

ደጀ ሰላም ላይ ያሰረ ሰው መፍታትም ያውቃል። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ እኔና እናንተ ያሰርነውን ማን ይፍታው?